አቼቶ ውስጥ የነከርኳቸው ዘጠኝ ድንጋዮች

ድንጋዮቹ ቤታችን የገቡት ማክሰኞ ዕለት ነው። ልጄ በጀርባ ቦርሳዋ ተሸክማ ከዩኒቨርሲቲ በታክሲ አመጣቻቸውና የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ዘጠኝ ነበሩ። ትልቁ ሁለት ጡጫ ያህላል፣ ትንሹ ከሳሙና አይበልጥም። እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ቁጥር ተጽፎበታል። ከሥራ መጥቼ ወንበር ስፈልግ ወንበሩ ላይ ቦርሳው፣ ጠረጴዛው ላይ ድንጋዩ። የምንበላበት እኮ ነው አልኳት። ላቦራቶሪው ወረፋ አለው፣ እስከ ሰኞ እዚህ ሆኜ ልሳላቸው፣ ሰኞ እመልሳቸዋለሁ አለችኝ።

ያን ሰሞን በጣም ይደክመኝ ነበር። ጆበርግ ከተማ መሀል፣ የእኛ አገር ሰዎች በሞሉበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ አልጋ ቢገባባት መተላለፊያ በማይተርፋት ክፍል ውስጥ መጋረጃ እየለካሁና እየሰፋሁ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። አባቷ ሶዌቶ ሱቅ አለው። ሱቅ ጥሎ ማደር ስለማይቻል የሚያድረው እዚያው ነው፣ ቤት የሚመጣው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሜይፌር ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን የምንኖረው እኔና እሷ ነን። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። እሷ ዲግሪዋን ይዛ፣ እዚህ ኦነርስ የሚሉትን ተጨማሪ አንድ ዓመት ትማራለች። የምትማረው ስለ ድንጋይ ነው።

ሰዎች ምን ትማራለች ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ማዕድን ነው እላለሁ። ማዕድን ስል ደስ ይላቸዋል፣ እኔን ግን ያስፈራኛል። እዚህ አገር ማዕድን ማለት ጉድጓድ ማለት ነው። ዛማ ዛማ የሚሏቸው፣ በተዘጉ ጉድጓዶች ሾልከው ገብተው ወርቅ የሚለቅሙ ሰዎች አሉ፤ ገብተው የቀሩት ወሬ በሬዲዮ ሲነገር ሬዲዮውን እዘጋለሁ። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ መሬቱ ራሱ አይታመንም። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ውሃ የሚበላው ዓይነት ስለሆነ ውስጥ ውስጡን ይቦረቦርና አንድ ቀን መንገዱም ቤቱም ይሰምጣል። ዶሎማይት ነው የሚሉት፣ የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው። ልጄ የምታጠናው ይኸንኑ ድንጋይ ነው። ዘጠኙም የመጡት ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ዱሮ እርሳስና ዚንክ ተቆፍሮበት ከተተወ ቦታ ነው።

እርሳስ የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላው ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

የሚያብለጨልጨው የትኛው ነው አልኳት። ግራጫውን፣ እንደ መስታወት ስባሪ ጥርብ ጥርብ ያለውን አሳየችኝ። ይሄ እርሳስ ነው፣ ማር የሚመስለው ቡናማው ዚንክ ነው አለች። ይመርዛል ወይ አልኳት። ካልበላሽው ምንም አይልም፣ ከነካሽው እጅሽን ታጠቢ አለችኝ። እኔ ግን አንዲት ነርስ ደንበኛ አለችኝ፤ በሌላ ቀን ስለ ቤት ቀለም ስናወራ እርሳስ ያለበት አቧራ ሰው ውስጥ ገብቶ እንደሚቀመጥ ነግራኛለች። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ የምንበላው ሳህኑን ጉልበታችን ላይ አድርገን ሆነ። ጠረጴዛውን በጨርቅ ሸፈንኩት። ጨርቁንም በየቀኑ አጠብኩት። ልጄ እየሳቀች፣ እማ፣ ድንጋዩ አያስነጥስም እኮ ትለኝ ነበር።

ቅዳሜ እሷ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። እኔ ያን ቀን ሱቅ አልገባሁም፣ ወገቤን አሞኝ ነበር። ጨርቁን ገልጬ ድንጋዮቹን አየኋቸው። በሚያብለጨልጨው ላይ ሁሉ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል። አንዳንዱ ጋ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ስስ ነው፣ አንዳንዱ ጋ እንደ ጥፍር ወፍሯል። ያን ነጭ አውቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

የድሬዳዋን ውሃ የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳኝ ይችላል። ድሬዳዋ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ውሃችን ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ የነካውን ሁሉ ነጭ ያደርጋል። ማንቆርቆሪያ ከወር በኋላ ውስጡ ድንጋይ ያበቅላል፤ ጀሪካን ይከብዳል፤ የቧንቧ አፍ ይደፈናል። እናቴ ሰው ቤት እንግዳ ሆና ስትገባ ማንም ሳያያት የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፈት አድርጋ ውስጡን ታይ ነበር። ውስጡ ነጭ ከሆነ የዚያ ቤት ልጅ ለጋብቻ አትታሰብም፣ እንደ እናቴ ከሆነ። መድኃኒቱ አቼቶ ነው። ትንሽ ለብ አድርጎ መሙላትና መተው። ይንጨረጨራል፣ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ይለቃል። ይህን ሥራ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሠርቼዋለሁ። ጆበርግ ስመጣ ውሃው ያን ያህል ነጭ አይተውም፤ እኔ ግን አቼቶ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም።

ስለዚህ ቤት የነበረውን ሁለት ጠርሙስ አቼቶ ሳፋ ላይ ገልብጬ፣ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጌ፣ ድንጋዮቹን ነከርኳቸው። ሐሳቤ መርዛማውን አቧራ ከነቅርፊቱ ላነሳላት ነበር። የሚበዙት ወዲያው እንደ አምቦ ውሃ ተንጨረጨሩ። ግራጫው ክፍል ዝም አለ፣ ነጩ ብቻ ነበር የሚያወራው። ፕላስተሮቹ ሲለቁ አንድ በአንድ አድርቄ ማቀዝቀዣው በር ላይ በተራ ለጠፍኳቸው፤ ቁጥር እንዳይጠፋ ተጠንቅቄያለሁ። አረፋው ሲደክም ጎረቤቴ ጋ ሄጄ ሌላ አቼቶ አመጣሁ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ንጹሕ ነበሩ። የሚያብለጨልጨው ከበፊቱ ይልቅ አብለጨለጨ። መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸውና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ።

ልጄ ዐሥር ሰዓት ላይ ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

"ማነው የነካቸው?"

"እኔ ነኝ። አጠብኳቸው።"

"በምን?"

"በአቼቶ።"

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንዱን ድንጋይ አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ሌላውን አነሳች፣ ዘጠኙንም እንዲህ እያደረገች አየች። ከዚያ አስቀመጠቻቸው።

"እማ፣ ነጩ ቆሻሻ አልነበረም" አለችኝ። "ሥራዬ ነጩ ነበር።"

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን እንደገባኝ ልጻፈው። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ፣ ዓይኗንም ከድንጋዩ ላይ አላነሳችም።

ዱሮ፣ ሰው የሚባል ሳይኖር፣ ይህ አገር ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ባሕሩ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ፣ እንደ አልጋ ልብስ የተነጠፉ ነገሮች ይኖሩ ነበር። ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየሆነ ድንጋይ ሆነ፤ ዶሎማይቱ ይሄ ነው። ከዚያ ተቀበረ። ሌላ ቦታ፣ በጣም በጥልቁ፣ ጨው የበዛበት ትኩስ ውሃ በድንጋዮች መሀል ተጨምቆ መሄድ ጀመረ። ባለፈበት ሁሉ ከያንዳንዱ ድንጋይ ጥቂት እርሳስ፣ ጥቂት ዚንክ ይዞ ያልፋል። በጣም ጥቂት ነው፣ ውሃውን ብታዪው ምንም አይታይሽም አለችኝ። ስንጥቅ ያገኘ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወጥቶም ዶሎማይቱ ውስጥ ይገባል። ዶሎማይትና የኖራ ድንጋይ ደግሞ ኮምጣጣ ውሃ አይችሉም፣ ይሟሟሉ። ስለዚህ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ጣሪያው ይደረመሳል፤ ስብርባሪው አንዱ ባንዱ ላይ ይወድቃል። እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ውሃው የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ያገኛል፣ ድኝ ያለበት። ከእሱ ጋር ሲገናኝ የያዘውን ብረት መሸከም ያቅተዋል። ይጥለዋል። እርሳሱም ዚንኩም የሚቀመጡት ያኔ ነው። ሲቀመጡ ደግሞ ውሃው ይበልጥ ይኮመጥጣል፣ ተጨማሪ ድንጋይ ይበላል፣ ለሚመጣው ብረት ቦታ ያስለቅቃል።

"መጨረሻ ላይ ብረቱ ያልቃል" አለችኝ። "የሚቀረው ውሃው የበላው ድንጋይ ነው። እሱ ተመልሶ በሁሉም ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። ሲቀመጥ ከውሃው ጠብታ ውስጡ ታስሮ ይቀራል፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ። እስከ ዛሬ አለ። ውሃው ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር፣ ምን ያህል ጨው እንደነበረው የሚናገረው ያ ጠብታ ነው። እኔ የምፈልገው እሱን ነበር።"

"አቧራ መስሎኝ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

ይቺ አውቃለሁ የምትል ቃል ከስድብ በላይ ከበደችኝ።

ጽሑፏን በጥቅምት መጨረሻ ማስገባት ነበረባት። ካላስገባች ዓመቱን አልጨረሰችም ማለት ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ቃል የተገባላት ቦታም ዓመቱን ለጨረሰ ሰው ነው። ሌላም ያልነገረችኝ ነገር ነበር። ድንጋዮቹ የትምህርት ክፍሉ ናቸው፣ በፊርማ የወሰደቻቸው፣ ከሕንፃው እንዳይወጡ ተብላ። እሷ ሥራ ለማፍጠን ብላ በቦርሳ አወጣቻቸው።

እሁድ አባቷ መጣ። ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ የልጃችንን ፊት ሲያይ አቆመ። ብዙ አላሰበም። ታክሲ ላይ ቦርሳዬን ነጠቁኝ በይ አላት። የእሱ ሱቅ ስንት ጊዜ እንደተዘረፈ ተቆጥሮ አያልቅም፤ በዚህ ከተማ ተዘረፍኩ ያለን ሰው እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም አለ። ጓደኞቿም ይህንኑ በስልክ መክረዋታል። ጎረቤቴም እንዲሁ። ጎረቤቴ የጅግጅጋ ሶማሌ ናት፣ አቼቶውን ያበደረችኝ እሷ ናት፣ አማርኛ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

"አባዮ፣ ድንጋይ ልታጥቢ ነው እንዴ አቼቶዬን የወሰድሽው?" አለችኝ፤ አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። "እኔ ሰላጣ መስሎኝ። ልብስ ካለቀብሽ የኔ ግቢ ጠጠር ሞልቷል፣ ነይና እጠቢ።"

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ተሰረቀ ትበል፣ እና ዝም በሉ አለችኝ።

ልጄ ተስማማች። ሰኞ ጠዋት እንዲህ ብላ ልትናገር ወሰነች። እኔ ግን አልቻልኩም። ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፣ ስለምፈራ ነው። የመንግሥት ዕቃ ተሰረቀ ስትዪ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ መዝገብ ታስከፍቻለሽ፣ አፊዴቪት የሚሉትን የመሐላ ወረቀት ትሞያለሽ፣ እውነት ነው ብለሽ ምለሽ ትፈርሚያለሽ። የእኛ ወረቀት ደግሞ በየጊዜው የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ነው። ሰልፍ ተሰልፈን፣ የጣት አሻራ ሰጥተን፣ ይህቺን ማኅተም ስንለምን ነው የኖርነው። በዚህ ወረቀት ላይ ሆና ልጄ በሐሰት ትማል? ስንት ዓመት የተጠነቀቅኩት ለአንድ ሳፋ አቼቶ ብዬ ይፍረስ? ጨርቅ ስተኩስ፣ ሻይ ስቀዳ፣ ይሄንኑ አስባለሁ። በመጨረሻ እኔ ራሴ አስተማሪዋ ጋ እሄዳለሁ አልኳት።

"እማ፣ እዚህ እናት አይመጣም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።"

"ምን ብለሽ?"

"አጠብኩ ብዬ።"

ብዙ ተከራከርን። ድካሙ እሷንም ያዛት መሰለኝ፣ መጨረሻ ላይ እሺ አለች። ነጠላ እንዳትለብሺ ብቻ አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ለብሼ ሄድኩ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ያለ ነጠላ እንዴት እንደሚቆም አላውቅበትም።

አስተማሪዋ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ዙሉ ሴት ናት። እጆቿ የገበሬ እጆች ናቸው፣ ጥፍሮቿ የተሰባበሩ። ቢሮዋ ውስጥ ከወንበሩ በቀር ሁሉም ነገር ላይ ድንጋይ አለ። ሳውቦና ማ አልኳት፣ ከደንበኞቼ የተማርኩትን የዙሉ ሰላምታ። ዬቦ ማማ ብላ ፈገግ አለች። ልጄ ድንጋዮቹን ከወጥ ቤት ጨርቅ እየፈታች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ጎንበስ ብዬ የሴትዮዋን ጉልበት ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።

ሴትዮዋ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች። ሁለቱንም ክንዴን ይዛ ቀና አደረገችኝ። ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ያለኝን እንግሊዝኛ አዋጥቼ፣ ሶሪ ማም፣ አይ ዋሽ፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም አልኩ። የቀረውን ልጄ ተረጎመች። ከሕንፃው ማውጣቷንም ያኔ ራሷ ተናገረች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አስተማሪዋ ትንሿን ማጉያ መነጽር ዓይኗ ላይ አድርጋ ዘጠኙን ድንጋይ በዝግታ አየች። እኔን ብዙ ጠየቀችኝ። ምን ያህል ሰዓት ቆየ፣ ውሃው ሞቃት ነበር ወይ፣ የትኛው ቶሎ ተንጨረጨረ፣ የትኛው ቆየ። ሁሉንም አስታውሳለሁ፣ ስፈራ ነገር አይረሳኝም። ይህቺ እንደ ተረከዝ ያለችው ከሁሉ በፊት ነው የጮኸችው፣ ይህ ጠፍጣፋው ብዙም አላወራም አልኳት። ልጄ ስትተረጉም አስተማሪዋ ጻፈች። ጠፍጣፋውን አንስታ፣ እዚህ ነጩ ራሱ ዶሎማይት ነው፣ ዶሎማይት አቼቶን ቶሎ አይሰማም አለች። በሌሎቹ ላይ የነበረው ግን ቶሎ የሚሟሟው ካልሳይት ነው፣ ሄዷል።

ከዚያ ለልጄ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ተናገረቻት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ የልጄ ጆሮ ግን ቀላ። ያንን አልተረጎመችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በኋላ ወደ እኔ ዞራ በቀስታ የነገረችኝን ግን ሰማሁ። ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን አንድ ነገር ያበላሻል፣ የሚነግሩኝ ጥቂቶች ናቸው አለች። የማስገቢያውን ቀን ግን አላራዝምም አለች።

ከዘጠኙ በአራቱ ስንጥቅ ውስጥ ገና ነጭ አለ። በመጋዝ ቢሰነጠቁ ይገኛል። አራት አይበቃም። አዲስ ማምጣት አለባት። መሬት ላይ የተበተነው ዝናብና ፀሐይ ያገኘው ስለሆነ አይሆንም፤ ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ መነሳት አለበት። ዝናቡ ከጀመረ ግድግዳው ይላላል፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት መሆን አለበት አለች።

ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት ነገር በደንብ የገባኝ። ልጄን ከድንጋይ አቧራ ላድን ብዬ ጉድጓድ ውስጥ ላክኋት።

የአስተማሪዋ ረዳት አገሩ ሄዶ ነበር። እዚያ ደግሞ መኪና ያለ ሰው ትቶ መውረድ አይቻልም፣ ይሰረቃል ወይም ይፈታታል። ልጄን ማን አብሮን ይመጣል ስትላት እኔ እጄን አወጣሁ፣ እንደ ተማሪ። እኔ መኪናውን እጠብቃለሁ አልኩ። ልጄ በአማርኛ፣ እማ እባክሽ አለችኝ። አስተማሪዋ ልጄ ምን እንዳለች አልገባትም፤ ጥሩ፣ ዓርብ አለች።

ዓርብ ሱቄን ዘግቼ በአስተማሪዋ ባኪ፣ ማለት ፒካፕ መኪና፣ ሦስታችን ፊት ወንበር ላይ ተጠጋግተን ወደ ምዕራብ ሄድን። ቢጫዎቹን የወርቅ ማዕድን የአፈር ክምሮች አለፍን። ከዚያ በኋላ አገሩ ሜዳ ነው፤ ሣሩ ዝናብ በሌለው በዚህ አገር ክረምት በተነሳ እሳት ጠቁሯል። በሽቦ የታጠረ፣ መሬቱ ይሰምጣልና አትግቡ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቦታ ስናልፍ ልጄ ወደ ሌላ በኩል አየች፣ እኔ እንዳላይ ብላ ይመስለኛል። ቀደም ብዬ አይቼው ነበር።

እኔ ጉድጓድ ሲባል ጠባብ፣ ጨለማ ነገር አስቤ ነበር። ይሄ አፉ የተከፈተ ትልቅ ሳህን ነው፣ ዳር ዳሩ በእርከን የተቆረጠ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ የተኛበት። አስተማሪዋ ለእኔም የራስ ቆብ አደረገችልኝ፤ ነጠላዬ ላይ አልቀመጥ ብሎ አስቸገረ። ፊሽካም አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ሰው ከመጣ ንፊ አለችኝ። ከዚያ በገመድ ተደግፈው በጎን በኩል ወረዱ። የልጄ ቢጫ ቆብ ለጥቂት ጊዜ ታየኝ፣ ከዚያ ድንጋዩ ጋረደው።

መዶሻው ይሰማል። መዶሻው እስከተሰማ ድረስ ደህና ናቸው ብዬ ወሰንኩ። ቆሜ ማዶ ያለውን ግድግዳ ማየት ጀመርኩ፣ ሌላ የሚታይ ስለሌለ። ግራጫው ድንጋይ ስብርባሪ ነው። ጥርቡ ስለታም ነው፣ ውሃ ያንከባለለው ዓይነት አይደለም። አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ በመካከላቸው ነጭ ሞልቶ፣ ነጩ ጠርዝ ላይ ቡናማው እንደ ጠርዝ ስፌት ዞሮባቸዋል። እኔ መጋረጃ የምሰፋ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የተቆረጠው የትኛው እንደሆነ፣ በኋላ የተሰፋው የትኛው እንደሆነ ዓይኔ ያውቃል። ግራጫው ተሰብሯል፣ ቡናማው ዳሩን ይዟል፣ ነጩ የቀረውን ሞልቷል። ልጄ ወለል ላይ ቁጭ ብላ የነገረችኝ ነገር እዚያ ማዶ ተሰቅሎ ነበር፣ በተራው።

መዶሻው ቆመ።

ጠበቅኩ። ትንሽ ድንጋይ ተንከባልሎ ውሃው ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ፊሽካውን ነፋሁ። አንዴ ከነፋሁ በኋላ ማቆም አልቻልኩም።

በአራት እግራቸው እየቧጠጡ ወጡ። አስተማሪዋ መዶሻውን እንደ ዱላ ይዛለች፣ ልጄ ጉልበቷ ደምቷል።

"ማነው? የት አለ?"

"ማንም የለም" አልኩ። "ዝም ስትሉ ጊዜ ነው።"

"እማ፣ ድንጋይ በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ነበር። ሲጠቀለል ድምፅ የለውም።"

አስተማሪዋ ምን እንዳልኩ ጠየቀች። ልጄ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ መዶሻዋን ጥላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ልጄ መሳቅ አልፈለገችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና እሷም ሳቀች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እኔ አልሳቅኩም፣ ከመኪናው ውሃ አወረድኩላቸው። ውሃ ጠጥተው እንደገና ወረዱ። ከዚያ በኋላ መዶሻው ብዙ ጊዜ ቆመ። ፊሽካውን በእጄ ጨብጬ፣ ሳልነፋ ቆምኩ።

ሰባት ድንጋይ ይዘው ወጡ፣ ሁሉም ነጭ ያለባቸው፣ ከነጭቃቸው። አስተማሪዋ በቂ ነው አለች። ስንመለስ የኋላው ጭነት ይንገጫገጫል ብላ ልጄ አንዱን ድንጋይ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"ያዢው። አትፈትጊው።"

"አልፈትገውም።"

"በነጠላሽም።"

አስተማሪዋ መሪውን እንደያዘች ምን እያላችሁ ነው አለች፤ ልጄ ነገረቻት። ውሃም እንዳትሰጫት አለቻት ሴትዮዋ። ጭቃው ቀሚሴ ላይ ደረቀ። ልጄ መንገድ ላይ ትከሻዬ ላይ ተኛች፤ ከባድ ናት፣ ወገቤ ያመኝ ነበር፣ አልቀሰቀስኳትም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ አልነበረችም ማለት ይቻላል። እኔ ስወጣ ተኝታለች፣ ስገባ ወጥታለች። የበላችበትን ሳህን ሳይ ነው መኖሯን የማውቀው። አንድ ቀን ስልኳን ዓይኔ ሥር አምጥታ ፎቶ አሳየችኝ። በማይክሮስኮፕ ያነሳችው ነው። ጭጋግ በመሰለ ነገር ውስጥ ትንሽ ጠብታ፣ ጠብታው ውስጥ ደግሞ ከእሱ የምታንስ አረፋ። ስታሞቂው አረፋዋ ትጠፋለች፣ የጠፋችበት ሙቀት ነው የውሃውን ሙቀት የሚነግረን አለችኝ። ለዚህች ነው እንዴ አልኳት። ለዚህች ነው አለችኝ። ብዙ አየኋት። ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበራትም።

ጽሑፏን ያስገባችበት ቀን ሱቅ ነበርኩ። አንዲት ደንበኛ የሳሎን መጋረጃ እያስለካች ነበር፤ ሜትሩን ይዤ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ። ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

"ሰጠሁ" አለችኝ። "ተቀበሉኝ። ፈርመውልኛል።"

እሺ አልኳት። ከጀርባዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ልተኛ ነው የምሄደው አለችና ዘጋችው።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ደንበኛዬ ወንበሩ ሥር ቆማ ወደ ላይ ታየኛለች። የነገረችኝ ቁመት ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበር። ይቅርታ፣ እንደገና ንገሪኝ አልኳት።